ደወሉ አልጮኸም

አጎቴን ሾፌሮቹ «ፍሬን» ይሉታል። መንገድ ላይ የቆመ መኪና አይቶ አያልፍማ! ጎማ ይሁን ራዲያተር፣ የሚያውቀው ይሁን የማያውቀው፣ ጥግ ይይዝና ይወርዳል። ሁሌ አምሽቶ ስለሚገባ ሚስቱ «እሱ እኮ ያገባው መንገዱን ነው» እያለች ታማዋለች። የረጅም መንገድ ሾፌሮች ሕግ ግን ይኸው ነው፤ ዛሬ ያለፍከው ነገ ያልፍሃል።

የሚሠራበት ድርጅት ራሱን በራሱ የሚነዳ ተሳቢ አመጣ። አጎቴንም መሪው ፊት ጎልተው «መኪናው አደጋ አይቶ ደወል ካላስጮኸ ምንም እንዳትነካ» አሉት። ዕድሜውን ሙሉ የነዳን ሰው እንደ አሻንጉሊት! እሱ ግን ልጆች የሚያስተምር አባት ነውና ዋጥ አድርጎ ተቀመጠ።

አንድ ቀን በቀትር፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ፣ የድሮ ባልንጀራው መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። ሰውየው ባዶ ጀሪካን ወደ ላይ አንስቶ ያወዛውዛል። ደወሉ አልጮኸም። ተሳቢው ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ ገለል ብሎ አለፈው። አጎቴ እጆቹን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ከባልንጀራው ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ከጉዞ እንደተመለሰ ሊያስረዳው ቤቱ ድረስ ሄደ።

«እኔ እኮ አልነበርኩም የምነዳው፤ መኪናው ነው።»

ባልንጀራው በሩን እንደያዘ «እጅህ ታስሮ ነበር?» አለው። ግባ እንኳ አላለውም።

ከዚያ ወዲያ ሾፌሮች የሚያርፉበት ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር የሚስብለት ጠፋ፤ «ፍሬን» ብሎ የሚጠራውም ጠፋ። የዕድሜ ልክ ስሙ በአንድ ቀትር ገደል ገባ፣ ያውም በማሽን ጦስ! እኔ በንዴት ጦፍኩ።

በሚቀጥለው ጉዞ አንዲት ሚኒባስ ተሳፋሪዎቿን እንደጫነች ጥግ ይዛ ቆማለች። አሁንም ደወሉ አልጮኸም። አጎቴ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠው። ወርዶም ጎማ ቀየረላቸው።

እንደተመለሰ ኃላፊው ቢሮ አስጠራው።

«ጋሼ፣ መኪናው እኮ ምንም አደጋ አላየም። ለምን አስቆሙት?»

«እኔ ሰው አየሁ።»

«ደወሉ ሳይጮህ ማን ንካ አለዎት?»

«እጄ አልታሰረማ!»

አባረሩት። ሰው ስለረዳ! ሥራ ፈትቶ ሻይ ቤት ሲገባ «ፍሬን መጣ!» ብሎ ወንበር የሳበለት ያ ባልንጀራው ነው። አጎቴም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ያ ተሳቢ ዛሬም በዚያ ሜዳ ይመላለሳል። መሪው ፊት ሌላ ሰው አስቀምጠውበታል፤ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ደወል ይጠብቃል።