በጓዳ በኩል ወደ ዱባይ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ያን የአውሮፕላን ደብተር ነገር ይንገሩን» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። ስነግራቸው ደግሞ መሀል ላይ ሌላ ወሬ ውስጥ እገባና ስለ ገራዶ ዘመዶቻችን የድንበር ጠብ አውርቼ እነሳለሁ። «እንግዲያው ይጻፉት፤ ወረቀት ላይ ሲሆን መመለሻውን አያጡትም» አለችኝ አንዷ። አፏ አያርፍም፤ ግን እውነቷን ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ትልቋ ልጄ ስታጠና አጠገቧ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። እሷ ሀ ሁ ብላ ስትጮህ እኔ በሆዴ እከተላታለሁ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ብዕር ስይዝ ዓይኔን የሚያቃጥለኝ። ስሕተት ካገኛችሁ በሽንኩርቱ አመካኙ።

ቤቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው፤ እግሬ ግን አንድ ቦታ አይረጋም። አንዱን ሳምንት ደሴ፣ አንዱን ኮምቦልቻ ትልቋ ልጄ ዘንድ፣ ሲያሰኘኝ ቦሩ ሜዳ እህቴ ጋ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አላህ ይወቀው፤ ሾፌሩ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ጫት ይዞ፣ መሪውን ለፈጣሪ ትቶት። አንድም ቀን ፈርቼ አላውቅም። አውሮፕላን ግን ገና ድምፁን ስሰማ ሮጬ ቤት እገባ ነበር። «ሚኒባስ ቢገለበጥ መሬት ላይ ነው የሚገለበጠው፤ መሬት ደግሞ ዘመድ ነው» እል ነበር።

ታናሿ ልጄ ከባሏ ጋር ዱባይ ትኖራለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ፅንስ አልቆይላት ሲል ኖሮ በመጨረሻ አንዱ ያዘላት። ስድስት ወር ሲሞላት ደወለች።

«እማ፣ የምታርሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ እናቷ ካላረሰቻት ወለደች አይባልም፤ ተገላገለች ነው የሚባለው።

«ባልሽስ?» አልኳት።

«እሱ ገንፎ ሊያገነፋ ቀርቶ ሻይ ሲያፈላ ያሳርራል።»

ያረረ ሻይ አይቼ ስለማላውቅ ሳቅሁ። ሳቄ ሲያልቅ ዱባይ በሚኒባስ እንደማይደረስ ትዝ አለኝ። አልመጣም ማለት አቃተኝ። እመጣለሁ ማለትም አቃተኝ። «ኢንሻ አላህ» አልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ስንቱን ሰው ከስንት ጭንቅ ያወጣች ቃል ናት።

ትልቋ ልጄ ጆሮዋን ጥላ ስትሰማ ኖሯል። የእሷ ምላስ ቃሪያ ነው። «ባሌ በየሳምንቱ ዱባይ ደርሶ ይመለስ የለም እንዴ? ከእሱ ጋር ተለማመጂ» አለችኝ።

ባሏ፣ አማቼ ማለት ነው፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚጠግን ሰው ነው። ጓዳቸው ውስጥ አውሮፕላን አለው። አትሳቁ። ከተሰባበረ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር ከነቀበቶው፣ ፊት ለፊቱ ትልቅ ስክሪን፣ ከስክሪኑ በታች መሪ፣ ከእግሩ ሥር ከቁርጥራጭ ብረት ራሱ የበየዳቸው ፔዳሎች። ከጤፉ ጆንያ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቀመጠው። ስክሪኑ ላይ ሰማይ አለ፣ ደመና አለ፣ የእኛው የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ሳይቀር አለ።

ብቻውን ቢያደርገው ጨዋታ ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን በየአገሩ እንደሱ ጓዳቸው ውስጥ የሚያበሩ ሰዎች በኢንተርኔት ተሰባስበው አየር መንገድ አቋቁመዋል። አንድም አውሮፕላን የለውም። የመነሻ ሰዓት አለው፣ ማዕረግ አለው፣ አለቃ አለው፣ ያረፈደ ይገሠጻል።

«ደሞዝስ?» አልኩት።

«የለውም እማማ።»

«ደሞዝ ብቻ ነው የጎደለው እንጂ ሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።»

ልጄ ከበሩ ላይ ሆና «ሁለተኛ ሚስት አግብቶብኛል እኮ እማ፤ ክንፍ ስላላት ነው ቀና ብላችሁ የምታዩዋት» አለች።

እኔም ቁርጡን ነገርኩት። «ስማኝ ልጄ፣ አጠገብህ ተቀምጬ በተከታታይ አሥር ጊዜ ደህና ካገባኸኝ፣ የእውነቱ ላይ እወጣለሁ። አንዴ ከጣልከኝ ግን ከአንድ እንጀምራለን።»

«እሺ እማማ። እርስዎ ይጻፉልኝ፤ አየር መንገዱም መዝገብ ይጠይቀኛል» አለና ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛልኝ። ለታናሿ መውለጃ ሦስት ወር ይቀር ነበር።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ሰኞ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ። ስልሳ ስምንት ሰው። ቁርስ ያልበሉ። ሁለት ጊዜ ነጠረ። ገባን።»

አማቼ አነበበው። «እማማ፣ ‘ቁርስ ያልበሉ’ የሚለው ምን ያደርጋል?»

«ስልሳ ስምንት ሰው ቤትህ አስቀምጠህ ውሃ እንኳ አላቀረብክም።»

«የሉም እኮ!»

«ከሌሉ ቁጥራቸውን ለምን ነገርከኝ?»

ከዚያ በኋላ የራሴን መለኪያ አወጣሁ። ጥሩ ሲያርፍ «እንደ ቅቤ»፣ ሲንገጫገጭ «እንደ ጋሪ»፣ ነፍሴ ወጥታ ስትመለስ «እንደ ሐረጎ ሚኒባስ» ብዬ እጽፋለሁ።

ችግሩ አማቼ ጨዋ መሆኑ ነው። ሰው አማቱን ጀርባውን ሰጥቶ አይቀመጥም። ጓዳዋ ጠባብ ስለሆነች እኔ የምቀመጠው ከኋላው ነው። «ጀርባዬን ሰጠሁዎት እማማ፣ ይቅርታ» ይላል በየደቂቃው። «አበባ ፊትና ጀርባ የለውም፣ ፊትህን ይዘህ ሂድ» ብለው አልሰማ አለኝ። በጎኑ ተቀምጦ ማብረር ጀመረ። አውሮፕላኑም በጎኑ መሄድ ጀመረ። መጨረሻ ላይ ወንበሬን ከጆንያው ጀርባ አውጥቼ ጎኑ ተቀመጥኩለት፤ ሰማዩ ተቃና።

ሁለተኛው ችግር እኔ ነኝ። በአገራችን መንገደኛ ሳይመረቅ አይነሳም። እሱ «ተዘጋጅተናል እማማ» ሲል እኔ እጄን እዘረጋለሁ። «ክፉ አይያችሁ፣ ደመናው ይገለጥላችሁ፣ የወጣችሁበት የሞላ፣ የገባችሁበት የሰመረ ይሁን…» እላለሁ። ምርቃት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ ለገራዶዎችም፣ ለታመመችው ላማችንም ይተርፋል። እሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ «አሚን» ከማለት በቀር ምን ያደርጋል? የአማትን ዱዓ የሚያቋርጥ ወንድ ገና አልተወለደም። ሞተሩ እዚያ ያጓራል፣ ነዳጁ ይነዳል፣ ሰዓቱ ይሄዳል።

አለቃው ደብዳቤ ጻፈበት። ከየት አገር እንደሆነ እንጃ፤ በእንግሊዝኛ ነው።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ለምን ሁልጊዜ ታረፍዳለህ ነው።»

«ታዲያ ምን መለስክ?»

አንገቱን ደፋ። «መጥፎ የአየር ሁኔታ ነው አልኳቸው።»

ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። የሌለው አየር መንገድ መዝገብ ውስጥ እኔ የደሴ ጉም ሆኜ ተጽፌያለሁ ማለት ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት በረራ ሞላልን። ሰባተኛው ዱባይ ነበር። አማቼ ስድስቱ ልቡን አሳብጦት «ዛሬ ትንሽ ነፋስ ልጨምርበት» አለ። ነፋስም ይታዘዛል እዚያ ውስጥ። ጨመረ። መሬቱ እየቀረበ፣ ክንፉ እየተወዛወዘ፣ እኔ ሸሃዳ ይዤ፣ ድንገት ስክሪኑ ተናወጠና ቆመ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ወደቅን እማማ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሐሙስ። ዱባይ። መቶ አርባ ሁለት ሰው። ኢና ሊላሂ» ብዬ ጻፍኩና ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ። ለመቶ አርባ ሁለቱ አይደለም፤ ለልጄ ነው። ጎረቤታችን በዚያ ስታልፍ አየችኝ።

«ምነው እማማ?»

«የአማቼ አውሮፕላን ወደቀ። ያለው ሰው ሁሉ አለቀ» አልኳት። አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ማሽን ጠጋኝ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ለቅሶ ላይ ማን ይመረምራል? ብዙም ሳይቆይ አምስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አንዷ ንፍሮ ይዛለች፤ መቼ እንደቀቀለችው አላህ ይወቅ፤ ተዘጋጅታ የምትጠብቅ ሴት ናት። «እኔን! ምን የመሰለ ሰው!» ብለው ደረታቸውን ሲመቱ፣ እኔ ከነገሩ ይልቅ ለቅሶው ጣመኝና አብሬ አለቀስኩ። በዚህ መሀል ልጄ ከገበያ መጣች። ሴቶቹን አየች፤ የያዘችው ቲማቲም ሁሉ ተበተነ። «ባሌን!» ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት፣ ሟቹ ከጓዳ ሻይ ይዞ ወጣ።

ንፍሮ የያዘችው ሴት እዚያው ተቀመጠች፤ መቀመጥ አይባልም፣ ወደቀች።

«እናንተዬ፣ የወደቀው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው!» አለች ልጄ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አቃኑ። በኋላ በዕድሜ ትልቋ «እኛ አንዴ ወጥተናል፣ ንፍሮውን ይዘን አንመለስም» አለች። ተበላ። ከተበላ በኋላ ደግሞ ገዳዩን አውሮፕላን ካላየን አንሄድም አሉና ጓዳው በነጠላ ተሞላ።

ከአንድ ጀመርን።

የታናሿ ልጄ ወር እየገባ ነው። ዱባይ ያለው አማቼ የቅዳሜ ቲኬት ላከ። የጓዳው አማቼ ከፋብሪካ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ወንበሩ ላይ ይወጣል። ነፋስ የሚባል ነገር አላዘዘም። አርብ ጠዋት ዘጠነኛዋን «እንደ ቅቤ» ብዬ ጻፍኩ። የቀረችው አንድ ነበረች።

ያን ቀን ታናሿ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

«እማ፣ ወገቤን ጀምሮኛል። ነገ ትመጫለሽ አይደል?»

«ኢንሻ አላህ።»

«እማ፣ ኢንሻ አላሁን ለአላህ ተይውና አንቺ አዎ በይኝ።»

ኔትወርኩ እንደተቆራረጠበት ሰው «ሄሎ? ሄሎ?» ብዬ ዘጋሁት። እናት እንዲህ ታደርጋለች? አደረግሁ።

ከጁምዓ በኋላ አሥረኛዋን ጀመርን። አጭር ትሁን ብለን ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ። መርቄ አስነሳሁት፤ ተራራውን አለፍን፤ አዲስ አበባ ከታች ታየች። የማረፊያው ሜዳ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ሳየው፣ ልጄ በዓይኔ ላይ ሄደችብኝና እጄን ዘረጋሁ። «ያ ረቢ፣ ልጄን በሰላም ገላግላት፣ ምጧን ቀላል አድርግላት…»

«አሚን» አለ አማቼ፣ እጁን ዘርግቶ።

«ከእግሯ እሾህ፣ ከፊቷ እንቅፋት አንሳላት…»

«አሚን።»

ሜዳው መጣ፣ መጣ፣ ስክሪኑን ሞላው። ከዚያ ድርግም አለ። የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ እየደከመ ሄዶ ቆመ።

«መብራት ሄደ!» አለ አማቼ ራሱን ይዞ። «ደርሰን ነበር እኮ እማማ!»

«መሬት ነክተናል?»

«ልንነካ ስንል ነው…»

«ልንነካ ስንልና ነካን አንድ አይደለም።»

ልጄ ብቅ አለች። «ሰፈሩ በሙሉ ነው የጠፋው፣ ዛሬ አይመጣም ይላሉ። በቃ አሥር ብለሽ ጻፊና ሻንጣሽን እንዝጋ።»

«ውሸት አልጽፍም» አልኳት። እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ብዕሩን ይዤ ጠበቅሁ። መብራቱ አልመጣም። በመጨረሻ የሆነውን ጻፍኩ፦ «አርብ። አዲስ አበባ። ሰባ ሰው። አልታወቀም።»

ያቺን «አልታወቀም» ደግሜ አነበብኳት። ሰባ ሰው አየር ላይ አንጠልጥዬ፣ ልጄን ስልክ ላይ አንጠልጥዬ፣ እኔ ጆንያ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ለመሆኑ ሐረጎን ስወርድ የትኛው ቀን ነው የታወቀልኝ? ይቺን ልጅ ስወልዳትስ ምን ታውቆልኝ ነበር? ደብተር የሚያውቀው ያለፈውን ነው፤ እኔ ደግሞ ነገን ጻፍልኝ እያልኩ ስሞግተው ሦስት ወር ጨረስኩ።

«ስልኩን አምጡልኝ» አልኩ።

ታናሿ አነሳችው። ሰላምታም አላስቀደምኩ። «አዎ» አልኳት።

ወዲያ በኩል ለቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየለት ነገር ሰማሁ። አማቼን ዞር ብዬ «አሥረኛዋን እኔው ሄጄ እጽፋታለሁ» አልኩት። እሱ ደግሞ ከወንበሩ ተነስቶ ትከሻዬን ሳመ።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ላይ ጫማዬን አስወለቁኝ፣ የገንፎ ዱቄቴን እያገላበጡ አዩ። የእውነቱ አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶው እንደ ጓዳው ወንበር ነው፤ ራሴ አሰርኩት። አስተናጋጇን «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ቁርስ በልቷል?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ሳቀችብኝ። ዱዓ ስጀምር ሾፌሩ አልጠበቀኝም፤ አማት እንደሌለው ያስታውቃል። አጠገቤ ያለ አንድ ነጋዴ መሳይ ሰው ግን መቀመጫውን ጨምድዶ ይዞ ለእያንዳንዷ አሚን ይል ነበር። እሱ ከእኔ ባሰ። ሲያርፍ ደብተሬን አወጣሁ፦ «ቅዳሜ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ። እኔ ራሴ። እንደ ጋሪ። ገባን።»

ከአዲስ አበባ ሌላ አውሮፕላን ይዤ ዱባይ በገባሁ በአራተኛው ቀን ልጄ ሴት ወለደች። ገንፎውን እኔ አገነፋሁ፤ ባሏን ከምድጃው አጠገብ አላስደረስኩትም። ከአራስ ቤት በእጄ አወጣኋት።

ያቺ ሕፃን አሁን የፊት ጥርሷን ጥላለች። አምና ከእናቷ ጋር ደሴ መጥታ ሁላችንም እኔ ቤት በተሰበሰብንበት ጊዜ፣ ትልቋ ልጄ ዕቃ እያጠበች ነበር። ድንገት «እማ፣ እንዳትቆጪኝ» አለችኝ። ያን አርብ መብራት አልሄደም ነበር። ቆጣሪውን ያጠፋችው እሷ ናት። በር ላይ ቆማ ስታየን፣ ባሏ ሁለት እጁን ለእኔ ዱዓ ዘርግቶ አሚን ሲል፣ የአውሮፕላኑን ጎማ ሳያወርድ መሬት ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ቢወድቅ ከአንድ እንደምጀምር ታውቃለች።