የመልስ ጭነት

ሰፈሩም ጋራዡም «ባዶ አይገባም» ይሉታል። ሹፌር ነው። የጭነት መኪና ሞልቶ ሄዶ ባዶውን መመለስ ለእሱ ሰው ፊት ራቁት እንደ መቆም ነው። ሲሚንቶ አራግፎ ሽንኩርት ይጭናል፤ ሽንኩርት ቢያጣ የትምህርት ቤት ወንበር፤ ወንበር ቢያጣ ቤት የሚቀይር ሰው አያጣም።

ሚስቱንም ያገኘው እንዲሁ ነው። ያኔ ጎረምሳ ነበርና የአባቷን የቤት ዕቃ ከታች፣ የነጋዴ ሽንኩርት ከላይ ከመረ። ቀድሞ የሚወርድ መጨረሻ ይጫናል የሚለውን፣ አህያ እንኳ የማትስተውን ሕግ ዘነጋ። ቀድሞ የሚወርደው የአባቷ ዕቃ ነበርና፣ አዲሱ ቤታቸው በር ላይ ደርሶ ሸራውን ሲገልጥ ሽንኩርት ብቻ! ጆንያው ሁሉ ወረደ፤ ዕቃው ወጣ፤ ሽንኩርቱ እንደገና ተጫነ። ቀድማ መጥታ ቤቱን ስትጠርግ የነበረችው ልጅ የወረደውን ቁም ሳጥን ተደግፋ፣ «አንተ፣ ሹፌር ነህ ወይስ ሽንኩርት አናፋሽ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ የመልስ ጭነት ፍለጋ አበዛ፤ በመጨረሻ እሷኑ ጋቢና አስገብቶ ተመለሰ።

አሁን ዘመን ሠለጠነ። የድርጅቱ ሰዎች መኪናው የት እንደቆመ ስክሪን ላይ ያዩታል፤ ምን እንደጫነ ግን ደንታቸው አይደለም። ያን የሚያህል ተሳቢ ነፋስ ጭኖ ሲመለስ «ቅልጥፍና» ይሉታል። ጡረታ ሊወጣ በመጨረሻው ጉዞው ላይ ሳለ የስምሪት ኃላፊው ደወለ።

«ጋሼ፣ አራግፈው ባዶዎን ይምጡ። ጭነት ፍለጋ ቀርቷል።»

«በመጨረሻ ቀኔ?»

«ሲስተሙ አይፈቅድም።»

ሲስተም! ድሮ የሚከለክለው ሰው ነበር፤ ይለመናል፣ ሲብስም ይሰደባል።

ለሚስቱ ደወለ። «ባዶዬን ልገባ ነው» አላት። ድምፁ ሟሸሸ።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ! የአባቴ ቁም ሳጥን ወንድሜ ቤት ተቀምጦ የለ? መንገድህ ዳር ነው። ስንት ዘመን አመጣዋለሁ ስትል!»

ሳይመሽ ጋራዥ ገባ። ጥበቃው የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ፤ በሰፊው ተሳቢ መሀል አንድ ቁም ሳጥን በገመድ ተጠፍሮ፣ እንደ ሙሽራ ብቻውን ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ኃላፊው።

«የመልስ ጭነት።»

ሚስቱ ጋራዡ በር ላይ ትጠብቀው ነበር። አንገቷን አስግጋ አየች። «ከታች ሽንኩርት የለም?»

«አንድ ዕቃ ብቻ ነው። በዚህስ አልሳሳትም።»

«አንተን ማን አምኖ!» አለችና ገመዱን ራሷ ትፈታ ጀመር።