በሊች መንገድ ላይ የዞረው ሣጥን

በእንግሊዝ አገር፣ በዳርትሙር ከፍታ ላይ ሰው ሲያርፍ አስቀድሞ የሚጠራው ቄሱ አልነበረም፤ ተርዛ ኮከር ነበረች። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር በታችኛው መንደር፣ ረግረጉን ተሻግሮ በአምስት ማይል ርቀት ላይ ይኖራል። ተርዛ ግን ንጹሕ አንሶላዋን በክንዷ ይዛ ሻዩ ሳይበርድ ከደጃፍ ትደርሳለች። ነፍስ እንድትወጣ መስኮቱን ትከፍታለች፤ ሟቹን ታጥባለች፤ አገጩን ታስራለች፤ ጸጉሩን አበጥራ በሚወደው በኩል ትከፍልለታለች። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር አንድም ቀን «ሬሳ» ስትል የሰማት የለም። የእርሷ ቃል «ሊች» ነበር። «ሊቹን ቀስ አድርጋችሁ አንሡት፤» ትላለች። «ሊቹ ይበርደዋል፤ በሩን ግጥም አድርጉት።»

ቃሉ የእርሷ ብቻ አልነበረም፤ ምድራችን በሙሉ የተጠራው በእርሱ ነው። ከላይኞቹ እርሻዎች ተነሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወርደው ጥንታዊ መንገድ የሊች መንገድ ነው። በእኩሌታው ላይ ተሸካሚዎች ሣጥኑን የሚያሳርፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ የሊች ድንጋይ ይባላል። ሟች ቄሱን የሚጠብቅበት፣ ጣሪያ የለበሰው የመቃብር ቅጥር መግቢያ የሊች በር ነው። በሕመምተኛ መስኮት ሥር የምትጮኸው ጉጉት እንኳ የሊች ጉጉት ናት፤ እርሷ ስትጮኽ ተርዛ አንሶላ ትተኩሳለች እየተባለ ይቀለድ ነበር።

መንገዱ ሕግ ነበረው፤ ሕጉን ለላይኛው አገር ወንዶች ሁሉ ያስተማረችውም ተርዛ ነበረች። ሟች በእግሩ ይቀድማል፤ እንዲህ ሲሆን ፊቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ማጅራቱ ወደ ቤቱ ይሆናል። በራስጌው በኩል የቀደመ ሟች መንገዱን በሙሉ ቤቱን እያየ ይሄዳል፤ ቤቱን እያየ የሄደ ደግሞ ይመለሳል። ሣጥኑ አንድ ጊዜ ከሊች ድንጋይ ከተነሣ በኋላ እስከ ሊች በር ድረስ መሬት አይነካም፤ አይዞርም። የተሳሳተ ቢኖር ስሕተቱን ተሸክሞ ይወርዳል እንጂ አያርምም።

እኔ የእኅቷ የልጅ ልጅ ነኝ። ወደ ኮሌጅ ልሄድ አንድ ወር ሲቀረኝ፣ በመስከረም፣ እናቴ ወደ ላይ ላከችኝ። የተርዛ ቤት ጣሪያው ጎብጧል፤ ባለርስቱ በዚያው ወር ከሚውለው የሚካኤል ዕለት በኋላ ሊያፈርሰው ወስኗል። ለእርሷም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ በአረጋውያን መኖሪያ፣ ምድጃ ያለው ክፍል ተገኝቶላታል። እርሷ ግን «አልወርድም» ብላለች። ምክንያቷን የሚያውቅ አልነበረም።

ከደጃፉ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አንቺን ላኩ? እናትሽ የበግ ውሻ አልቆባት ነው?»

«አክስቴ፣ ልነዳሽ አልመጣሁም፤ ቃል ልሰበስብ ነው የመጣሁት። መምህሬ የድሮ ቃላት ጻፊ ብላኛለች።»

«ቃል እንደ እንጉዳይ ይለቀማል እንዴ? በይ ግቢ፤ ጫማሽን ግን እዚያው አውልቂ።»

ከምድጃው ዳር ተቀምጬ ደብተሬን ከፈትሁ፤ ስለ ሊች ጠየቅኋት። መንገዱን፣ ድንጋዩን፣ በሩን፣ ጉጉቷን እኔው እንደማውቀው ነገረችኝ። ከዚያ የተማርሁትን ልነግራት ተራዬ ሆነ፤ ይህን ጊዜ ስጠብቅ ነበርና ድምፄን አስተካከልሁ።

«ሊች ድሮ የሞተ ሰው ማለት አልነበረም፤» አልሁ። «ከሺህ ዓመት በፊት በተጻፉ መጻሕፍት ሊች የሚባለው በሕይወት ያለ ሰው ገላ ነው። የሚያርስ፣ የሚበላ፣ የሚያመው ገላ። መልክና ቅርጽም ማለት ነበር። አንዱ ሌላውን ይመስላል የምንልበት ቃል ራሱ ከዚሁ ሥር ነው የበቀለው፤ ገላቸው አንድ የሆነ ለማለት። በኋላ ሌላ ቃል መጣና ሕያዋኑን በሙሉ ወሰደበት፤ ለሊች የቀሩለት ሙታን ብቻ ናቸው።»

«ይኼን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት ትምህርት ቤት የተቀመጥሽው?» አለች። «ሳጥባቸው አወራቸው የለም እንዴ? የሞተ ሰው አጥቤ አላውቅም። የሚሞቱት ሣጥኑ በምስማር ሲመታ ነው።»

«ሌላም ቃል ሠርተውበት ነበር። ሊችሃማ ይሉታል። የገላ ልብስ ማለት ነው። ገላ ለነፍስ እንደ ካፖርት ነው ብለው ያስቡ ነበር።»

ይህን ስል ፊቷ ተለወጠ። ዓይኖቿ ከእኔ አልፈው ከበሩ ጀርባ ላይ ዐረፉ። በምስማሩ ላይ ቡናማ የሱፍ ካፖርት ተሰቅሏል፤ የባሏ የጃቤዝ ኮከር ነበር። ጃቤዝ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በወረደው ታላቅ በረዶ፣ የተቀበሩ በጎቹን ሲያወጣ ልቡ ቆሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ስድስት ዓመት አልፏል፤ ካፖርቱን የለበሰው ሰው የለም።

«ጫፉን ንኪው፤» አለችኝ።

ነካሁት። ርጥብ ነበር። የረግረጉ ጥቁር ጭቃ እስከ ስንዝር ድረስ ወጥቶበታል። ዝናብ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር።

«ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው፤» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ፣ የወተትን ነገር የምትነግረኝ ያህል። «ላሚቱን ላልብ ስነሣ የደጁ መቀርቀሪያ ተነሥቶ አገኘዋለሁ። ውሻው አይጮህም፤ ጅራቱን ይቆላል። ከዚያ ካፖርቱ ረጥቦ አየዋለሁ። እንግዲህ ጻፊ ካልሽ ይኼን ጻፊ።»

አልጻፍሁም። እርሷም ነገረችኝ።

በዚያ በረዶ የመኪናው መንገድ ተዘግቶ ነበርና ለዓመታት የተተወውን የሊች መንገድ አራት ወንዶች ጠረጉት። ተርዛ ባሏን በገዛ እጇ ገንዛ፣ በሣጥኑ የእግር በኩል፣ ሆሊ የሚባለውን ባለ ቀይ ፍሬ ቅጠል አሰረችበት። እስከ ሊች ድንጋይ ድረስ ቅጠሉ ከፊት፣ እርሷ ከኋላ ሆነው ሄዱ። እዚያ ሣጥኑን አሳረፉ፤ ብራንዲ ተቀባበሉ። በዚያ መካከል ነፋሱ በረዶውን አንሥቶ ሰዉን በሙሉ አሳወረው። ተሸካሚዎቹ ጎንበስ ብለው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ በዳበሳ ሣጥኑን አነሡት። ነፋሱ ጋብ ሲል ተርዛ ቀና አለች። ቀዩ ፍሬ ከፊቷ ነበር፤ ክንዷን ብትዘረጋ ትነካዋለች።

«ጃቤዝ በራስጌው በኩል እየሄደ ነበር፤» አለች። «ፊቱ ወደኔ፤ ወደ ቤት። ሁለት ማይል ተኩል ፍሬዎቹን እያየሁ ወረድኩ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? ሕጉን ያስተማርኳቸው እኔ፣ የገዛ ባሌን አስቼ! ደግሞም ከድንጋዩ ወዲያ አይዞርም። ወንዶቹም በብርዱ ጣታቸው ጠቁሯል። እና ዝም አልኩ።» ካፖርቱን በእጇ ዳበሰችው። «እኔ ወርጄ ይኼ ቤት ሲፈርስ እሱ ወዴት ይምጣ? ያሳትኩት እኔ ነኝ፤ በር የምከፍትለትም እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የማልወርደው። ለእናትሽ ግን ጉልበቷን አሟት ነው በያት።»

ምድጃውን ቆሰቆሰች። ከዚያም፣ «የገላ ልብስ አልሽ?» አለች።

ከአራቱ ተሸካሚዎች በሕይወት የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ ጎረቤቷ ኔድ ኤንዳኮት እና ድንጋይ ጠራቢው ጊልበርት ካውንተር። በማግስቱ አስጠራቻቸውና የሆነውን ሁሉ በኩሽናዋ ቆማ ተናገረች። ኔድ ባርኔጣውን በጣቶቹ መካከል ሲያዞር ቆየ።

«አውቄው ነበር፤» አለ በመጨረሻ። «ሣጥኑን በሊች በር ሳወርድ ቅጠሉን ከኋላ አየሁት።»

«ዐሥራ ስድስት ዓመት!» አለች ተርዛ። «ዐሥራ ስድስት ዓመት እሑድ እሑድ ሻዬን ትጠጣለህ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ!»

«አንቺም ስትቀጂልኝ አልተነፈስሽም።»

«ጥፋቱ የጊልበርት ነው፤» ሲል ኔድ ጨመረ። «ብራንዲውን ጨርሶ በየት በኩል እንደቆመ ጠፋው።»

«እኔ?» አለ ጊልበርት። «አንተ አይደለህ እንዴ በረዶው ውስጥ በግህን መስዬህ “ና፣ ና” ስትለኝ የነበርከው?»

ተርዛ ሳቀች፤ ከዚያም ሳቋ በድንገት ተቋረጠ። ካፖርቱን በሊች መንገድ፣ በእግሩ በኩል፣ እንዲያወርዱላት ጠየቀቻቸው። ሁለቱም አልሳቁም። ጊልበርት ብቻ ትከሻውን እያሻሸ፣ «ቀላል ሸክም ነው፤» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት የበጎቹን ጉረኖ የምንዘጋበትን የእንጨት ርብራብ አወረድን። ተርዛ ካፖርቱን ቦርሻ፣ ቁልፎቹን ቆልፋ፣ እጅጌዎቹን በደረቱ ላይ አጣጥፋ አስተኛችው። በእግሩ በኩል ሆሊ አሰረች፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነበር። ኔድ ከፊት፣ ጊልበርት ከኋላ ያዙ። ተርዛ ተከተለች፤ እኔም ከእርሷ ኋላ ሆንሁ። ወደ ኋላ መመልከት ክልክል ነበርና ማንም አልተመለከተም።

እስከ ሊች ድንጋይ ድረስ እየተነቋቆሩ ሄዱ። ድንጋዩ ዘንድ ስንደርስ ጉም ከረግረጉ ተነሣ። ርብራቡን አሳረፉ፤ ብራንዲ ግን አልጠጡም። ተርዛ እጇን በቅጠሉ ላይ ጭና ቆመች፤ ሲያነሡትም እጇን አላነሣችም።

«በል ከፍ!» አለ ኔድ። ርብራቡ ከድንጋዩ አልተላቀቀም። እንደገና ሞከሩ። በዚህ ጊዜ ተነሣ፤ ግን የኔድ አንገት ሥር ተገትሮ ነበር።

«ጊልበርት፣ አንተ ነህ የምትጫነው?»

«እኔማ ተሸክሜ ነው የቆምኩት።» የጊልበርት ድምፅ ቀልዱን ሁሉ ጥሎ ነበር። «ዝም ብለህ ሂድ፣ ኔድ። ሂድ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች የአራት ሰው ሸክም እንደተሸከሙ እየተነፈሱ ወረዱ። ርብራቡ ሲጥ ሲጥ ሲል እሰማ ነበር። አንድ የሱፍ ካፖርት ብቻ ነበር በላዩ ላይ፤ ይህን በሁለት ዓይኖቼ አየሁ። ከሊች በር ጣሪያ ሥር ሲያሳርፉት ኔድ ተቀምጦ መነሣት አቃተው። ተርዛ ቅጠሉን ተመለከተች፤ ከፊት ነበር።

ካፖርቱን ከጃቤዝ መቃብር እግርጌ ቀበርነው። በቀጣዮቹ ቀናት ከእርሷ ዘንድ አድሬ ጠዋት ጠዋት አብሬያት ተነሣሁ። የደጁ መቀርቀሪያ እንደተዘጋ ነበር። ውሻው ራሱን አላነሣም። በሦስተኛው ቀን ተርዛ ባዶውን ምስማር አይታ፣ «ሄደ፤» አለች። ደስ ያላት መስሎኝ ፊቷን ባየው፣ ደስታ አልነበረበትም። «ሣጥኖቹን እሰሪያቸው፤ እወርዳለሁ።»

በሚካኤል ዕለት ኔድ በትራክተር መጣ። ትራክተሩ አንድ መቀመጫ ብቻ ነበረው። ተርዛ በተጎታቹ ላይ፣ በአንሶላ ሣጥኗ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለኔድ ሰጥታ፣ ውሻዋን በጭኗ አቅፋ። እኔ ከኋላ በእግሬ ተከተልሁ። የመኪናው መንገድ ገና አንድ ጊዜ ሳይታጠፍ ነገሩ ገባኝ። ፊቷ ወደ ቤቷ ነበር። ጭስ የማይወጣበትን ጭስ ማውጫ እያየች ትወርዳለች፤ ከኮረብታው ጀርባ ከተሰወረ በኋላም ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም።

«ዙሪ» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ኔድ ቢስቅብኝስ ብዬ ፈራሁ፤ ኮሌጅ የምትገባ ልጅ! ሕጉ ለሙታን እንጂ ለሕያዋን አይደለም ስልም ራሴን አጽናናሁ። ሊች በመጀመሪያ የሕያው ገላ እንደነበረ በገዛ አፌ ያስተማርሁ እኔ ዝም ብዬ ተከተልኋት።

በኅዳር ለዕረፍት ስመለስ በአረጋውያን መኖሪያ ጠየቅኋት። ምድጃው ይነድዳል። ጉልበቷ ታስሯል። የቤቱ ጠባቂ ሴት በኮሪደሩ አቁማኝ፣ ተርዛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከክፍሏ እንዳልወጣች ነግራኝ ነበር።

ከበሩ ጀርባ የራሷ ሰማያዊ ካፖርት ተሰቅሎ ነበር። ጫፉ ርጥብ ነው። ጥቁሩ ጭቃ እስከ ስንዝር ወጥቶበታል፤ እንዲህ ያለ ጭቃ በታችኛው መንደር የለም።

«ጣሪያውን አውርደውታል፤» አለች ተርዛ፣ እሳቱን እያየች። «ኩሽናው ውስጥ ሳር በቅሏል።»

ብሩሽ ከመስኮቱ ላይ አነሣሁና ጭቃውን ማራገፍ ጀመርሁ።

«ስወርድ ከኋላዬ የነበርሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«አየሽ?»

«አየሁ።»

ከእሳቱ ዞራ ተመለከተችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ታጥቦ የተገነዘ ሰው በምታይበት ዓይን ነበር የምታየኝ።

«እኔም ያኔ አይቼ ነበር፤» አለች። ከዚያም እጇን ዘርግታ ብሩሹን ወሰደችብኝ። «ተዪው፣ ልጄ። ነገም ይረጥባል።»