ምልክቱ ለምን ተቀየረ?

ይህን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም። ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ መናገሩ ይቀለኛል። ሎጊያ ሒሳብ ሳስተምር አንዲት ልጅ ከትምህርቷ ያስቀረሁ እኔ ነኝ። ድህነት አይደለም፣ ወግና ባህልም አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ዘህራ ትባል ነበር፤ የአፋር ልጅ፣ አማርኛዋ ገና የሚንገዳገድ፣ ጥያቄዋ ግን ቀጥ ያለ። ሰሌዳው ላይ "ኤክስ ሲደመር አምስት እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት" ብዬ ጻፍኩና፣ "አምስቱ ወዲያ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል፣ ተቀናሽ ይሆናል" አልኩ። እኔንም ያስተማሩኝ እንዲሁ ነው። ዘህራ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ለምን ተቀየረ? ፍየል አዋሽን ስትሻገር በግ ትሆናለች እንዴ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መልሱን ባውቅ እኔም አብሬ በሳቅኩ ነበር። አላውቀውም! የሒሳብ መምህር ተብዬ የእኩልታን ሀሁ አላውቅም፤ ሸምድጄ ነው እዚያ የደረስኩት። "አላውቅም፣ ነገ አጣርቼ እነግርሻለሁ" ብል ምን እሆን ነበር? አላልኩም። "ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ!" ብዬ አባረርኳት።

መዘዙን አላወቅኩም ብላችሁ ውሸት ነው። ለአጎቷ ልጅ መታጨቷን ራሷ ነግራኝ ነበር፤ አብሱማ ይሉታል አፋሮች። አባቷ "ከትምህርት ቤት ክፉ ወሬ እስካልሰማሁ ትማር" ብሎ ዘመድ አዝማዱን ያዘገየላት ሰው ነው። ያን ሰው አስጠርቼ፣ ዓይኑን እያየሁ፣ "ልጅህ ባለጌ ናት" አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዘህራ አልተመለሰችም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አዳይቱ ገበያ ቆሜ፣ አንዲት ሴት ከግመሏ አንድ ጎን ጄሪካን ስታወርድ አየሁ። ጭነቱ እንዳያዘነብል ወዲያው ከሌላው ጎንም አንድ አወረደች። ለካ አምስቱ የትም አልተሻገረም! ከሁለቱም ጎን እኩል ተቀነሰ እንጂ። ግመል ስትጫን እያየች ላደገች ልጅ ይህን መንገር እንዴት አቃተኝ?

ዛሬ የማስተምረው በግመል ጭነት ነው፤ ተማሪዎቼም ይወዱኛል። "ገባን!" ሲሉኝ ግን ከኋላ ወንበር ያ ድምፅ ይጠይቀኛል። ዞር ብዬ አያለሁ፤ ማንም የለም። ወላሂ፣ ሁልጊዜ ዞር እላለሁ።

ዘንድሮ፣ አሁን በማስተምርበት ሰመራ፣ በምዝገባ ሰሞን፣ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ዘህራ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ፈገግ ብላ ልጅቷን ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት።

"መምህር፣ ይቺ ጥያቄ ታበዛለች። ቻላት።"

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። "እሺ" ብቻ አልኩ። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አላስቸግርም። ይቅርታው እሷ ዘንድ ነበር፤ እኔው ፊት መጥታ ቆማ እንኳ አልጠየቅኳትም።