በፍሪ ጃዝ ካሴት ላይ እንግዳ ሆኜ

ናዝሬት ሆቴል ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የባንዱ መሪ ሻምበል ግርማ መጀመሪያ ያዩት ሳክስፎኔን ሳይሆን ጫማዬን ነበር። «ጫማውን የማይወለውል ኖታውንም አያጠናም» አሉኝ። ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል የወጡ ሰው ናቸው። እኔም ከዚያው የተሰናበትኩ ሃምሳ አለቃ ነኝና አልከፋኝም።

የምወደው ጃዝ ሃርድ ቦፕ የሚባለው ነው። ሞቅ ያለ፣ ብሉዝ ብሉዝ የሚል፣ ግን ሥርዓት ያለው። ዜማው ይነፋል፣ እያንዳንዱ በተራው ከዜማው ሥር በተወሰነው የድምፅ ጥምረት፣ በኮርዱ ላይ፣ ብቻውን ሶሎ ይጫወታል፣ ከዚያ ወደ ዜማው ይመለሳሉ። ሻምበል ለአንድ ሰው ሶሎ ሠላሳ ሁለት ባር፣ ማለት ሠላሳ ሁለት የምት ልክ፣ ይሰጡ ነበር። በሠላሳ ሦስተኛው ላይ የተገኘ ሰኞ ቢሮ ይጠራል። ደርግም እንደ እሳቸው አልቆጠረብንም።

ቶሎሳ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ መጭመቂያ መካኒክ ነበር። ድራም ይመታል። ቤዝና ትራምፔት ከሚጫወቱ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ኮርድም የባር ቁጥርም የሌለው ፍሪ ጃዝ ይጫወታል። አንድ ቀን ሆቴሉ ድረስ መጣ።

«ጋሼ በቀለ፣ ካሴት ልንቀዳ ነው። በእንግድነት ይግቡልን።»

«ምን ልንፋ?»

«የመጣልዎትን።»

«የመጣልኝን የምነፋ ብሆን ሻምበል እስካሁን ያቆዩኝ ነበር?» አልኩት። ሳቀ።

ዕድሜዬ አርባን አልፎ ድምፄ በአንድም ካሴት ላይ አልነበረም። ሆቴል የነፋሁት ሁሉ ከጭብጨባው ጋር ይጠፋል። ስለዚህ እጅግ ፈለግኩት፤ ፈራሁትም።

ቅዳሜ አብሬያቸው ተለማመድኩ። ያማረ ነበር። ጆሮዬ የሰማውን ይይዛልና ቤቴ ገብቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኖታ ጻፍኩት። ስድስት ገጽ ሆነ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

እሑድ ጠዋት ወንጂ የሠራተኞች ክበብ ተገናኘን። አዳራሹ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ የእኛ ነው፤ ከዚያ የሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ አለ። ቴፑም የክበቡ ነው። ቶሎሳ ቴፑን ከፈተ፣ እኔም ኖታዬን ዘርግቼ ከአንደኛው ገጽ ጀመርኩ። ድራሙ ግን ከጻፍኩት ጋር አልሄድ አለ። ተሳሳተ ብዬ በዓይኔ ገሠጽኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቶሎሳ የድራም ዱላውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ የትናንቱ አይደል?»

«ነው። አንድም ኖታ አልሳትኩም።»

«ዛሬ የመታሁትንስ ሰምተውታል?»

አልሰማሁም ነበር። እያነበብኩ ነበር። አፈርኩ።

ትራምፔተኛው ሰዓቱን አየና «ያለ እንግዳ እንቅዳው፤ አይደርስልንም» አለ። እውነቱን ነው። ሳክስፎኑን ከአንገቴ ላወልቅ ስል ቶሎሳ «ወረቀቱን ብቻ ያስቀምጡ» አለኝ።

እንደ ገና ጀመሩ። ምን እንደምነፋ አላወቅኩም፤ ዝም ብዬ ቆምኩ። ቤዙ ምን እንደሚል ሰማሁ። ቶሎሳ መቼ እንደሚከብድ፣ መቼ ለሌላው እንደሚለቅ ሰማሁ። ብዙ ቆይቼ በአንዲት አጭር የብሉዝ ሐረግ ገባሁ። ልማድ ክፉ ነውና ሠላሳ ሁለት ባር ቆጥሬ አቆምኩ። ቶሎሳ በጭንቅላቱ «ይቀጥሉ» የሚል ምልክት ሰጠኝ። ቀጠልኩ።

ሙዚቃው ሳያልቅ የማኅበሩ ሊቀ መንበር መዝገብ ታቅፈው በር ላይ ቆሙ። ስንጨርስ «ይሄ ለየትኛው በዓል ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ልምምድ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ ቶሎሳ፣ ካሴቷን ኪሱ እየከተተ።

ከዚያ በኋላ በሌሎች ሁለት ካሴቶቻቸው ላይ እንግዳ ሆኜ ነፍቻለሁ፤ የበለጠ አምሮልኛልም። የምወደው ግን የመጀመሪያውን ነው። የሚያዳምጡት ሰዎች የካሴቱ ግማሽ እስኪያልፍ ጠብቀው «ጋሼ፣ እርስዎ የታሉ?» ይሉኛል። «አለሁ፤ እየሰማሁ ነው» እላቸዋለሁ። በሰው ሙዚቃ ላይ እንግዳ የሆነ ሳይሰማ አይነፋም። ይህን ሳውቅ ሃያ ዓመት ነፍቼ ነበር።