የእማማ ደብሬ የአጃ ዳቦ

ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ የማመሸው እናቴ ቤት ሳይሆን ጎረቤታችን እማማ ደብሬ ዘንድ ነበር። ቤታቸው ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው፤ ያኔ መብራት ስላልገባ ኩራዙ እየጨሰ አፍንጫችንን ያጠቁረዋል፣ ፍሙ ፊታቸውን ያቀላዋል፣ እሳቸውም አጃውን አመስ አድርገው፣ ዱቄት እንዳይሆን መጁን ቀለል አድርገው እየገፉ፣ ፍሬውን ለሁለት ለሦስት እየሰበሩ ተረት ይጀምራሉ። ይህን ስብርባሪ ሽርክት እንለዋለን። ሰዓት የላቸውም፤ ሰዓታቸው ተረቱ ነበር። የጅብና የአህያ ተረት አጭር ስለሆነች ለሙቅ ትበቃለች። ቅንጬ ከሆነ ግን፣ ሽርክቱ ውሃውን ጠጥቶ እስኪያብጥ፣ እንጀራ እናቷ ያሰቃየቻት ልጅ ትመጣለች። አንድ ማታ «ቶሎ ይጨርሱልን እንጂ!» ብላቸው፣ «አንቺ ምላሳም! ልጅቷን ቶሎ ከዳርኋት ቅንጬው ጥሬውን ይቀራል፤ ማን ሊያኝከው ነው?» ብለው አሳቁብኝ። አበቡም ከጎኔ ተቀምጣ ስቃብኛለች። አበቡ የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ ናት፣ አብሮ አደጌ።

አጃ ያኔ የቸገረው ሰውና በቅሎ የሚበላው ነበር። እማማ ደብሬ ግን በጾም በተልባ፣ በፍስክ በቅቤ፣ ለአራስ በወተት አድርገው ይሠሩታል፤ ሽርክቱን ለብ ባለ ውሃ አሳድረው፣ ከጥቂት የስንዴ ሊጥና ከጥቁር አዝሙድ ጋር አሽተው፣ ብረት ድስት ውስጥ ከላይም ከታችም ፍም አድርገው ዳቦ ይጋግሩበታል። ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። ዘመዳቸው የማርያም ማኅበር ብቻ ነበር፤ በየወሩ በሃያ አንድ ባለተራው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ይበላል።

በአንድ ክረምት በረዶ ገብሱንም ስንዴውንም አጨደው። የእማማ ደብሬ ተራ የደረሰው ያኔ ነው። ማሳው ጠርዝ ላይ ከቆመው አጃቸውና ከእፍኝ የስንዴ ዱቄት በቀር ምንም የላቸውም። ተራውን መዝለል ደግሞ ከማኅበሩ መውጣት ነው። ሽርክቱን እኔ ነከርሁላቸው፤ ዳቦው እስኪበስል የሰባቱን ወንድማማቾች ተረት ሁለት ጊዜ አወሩልን።

በማግሥቱ ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው በላ። እትዬ ጥሩነሽ ሁለተኛ ቁራሽ እየተቀበለች «እንዲህ ያለ ዳቦ ከየት ያመጡት ነው፣ እማማ? ኧረ እጅዎን ይባርከው!» አለች። ዛሬ እሷን አንቱ ለማለት ምላሴ እንቢ ይለኛል። እኔ በደስታ አፌ አልያዝ አለኝና ከበሩ ሥር ሆኜ፣

«የአጃ ነው! የነከርሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህሁ።

ጥሩነሽ አፏ ውስጥ ያለውን መዳፏ ላይ ተፋችው። «ለእመቤታችን የበቅሎ ቀለብ?»

«አሁን ጣፍጦሽ አልነበረም ወይ፣ ልጄ?» አሉ እማማ ደብሬ።

«የተባረከ ነው፣ ብሉ!» ቢሉ ቄሱ ማን ይስማቸው። ሰዉ ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ወጣ። በወሩ ለማኅበር የጠራቸው የለም፤ በሌላውም ወር፣ እስኪሞቱም። እኔን አንድ ቀን እንኳ ቢቆጡኝ ምን ነበረበት! አልተቆጡኝም።

አሁን አበቡ የእንግዳ ማረፊያ ከፍታለች። አጥራችን አንድ ነው፤ ማድቤቷ የሚገባውንና የሚወጣውን ሳላይ አልውልም። አጃ ዛሬ ለስኳር በሽታ፣ ለልብ ይበጃል ተብሎ ተከብሯል። ቅንጬውን በማርና በሙዝ፣ ሽርክቱን በብስኩት፣ ዳቦውንም እንደዚያው በፍም ታቀርበዋለች። ይሁን፣ ትሥራ። ባለፈው እሑድ ግን ቁርስ ላይ ላግዛት ገብቼ ሳለሁ፣ ከአዲስ አበባ ለመጡ እንግዶች «የእናቴ ሙያ ነው፣ ከአያቴ የወረሰችው» ስትል ሰማኋት። ደሜ ፈላ።

«እናትሽማ መዳፏ ላይ ነው የተፋችው!»

«ምን ነካሽ? እንግዳ ፊት?» አለች፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ።

«እንግዳ ፊት ነዋ! እማማ ደብሬስ የተዋረዱት ማን ፊት ነበር? አንቺስ እግራቸው ሥር አልነበርሽም?»

ከገበታው አንዱን ሙሉ ዳቦ አንስቼ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ በስማቸው መታሰቢያ ይሁንልኝ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። የዛሬው ቄስ ተቀበሉኝና «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ።

ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች የማውቀው ሴትዮ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ደብሬ እንጂ ሌላ ስም ጠይቄያቸው አላውቅም። የሚያውቁት ማኅበርተኞቹ ነበሩ፤ ከእነሱ ደግሞ በሕይወት ያለችው ጥሩነሽ ብቻ ናት። ጥርሴን ነክሼ ሄድሁ። አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና ብዙ አሰበች።

«ኧረ ረሳሁት» አለችኝ፤ ቀጥላም፣ «ዳቦው ግን ይጥም ነበር።»

ሳልሰናበታት ወጣሁ። ከልጅነቴ የቀረኝ ይህ ንዴት ነው። ገሚሱ ለእሷ ነው፤ ለራሴ የሆነውን ገሚስ ግን መንገድ ለመንገድ እየተሸከምሁ፣ ስማቸውን የሰማ ሽማግሌ ካለ ብዬ እስካሁን እጠይቃለሁ።