ወፎቹ ሲነሡ

ዛሬ አዳማ ውስጥ ከአንድ ዓሣ ቤት ደጃፍ የጄኔሬተር ጭስና የጥሬ ዓሣ ጠረን ተቀላቅሎ ሸተተኝ። ወዲያው የዝዋይ ሐይቅ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ከአባዬና ከእማዬ ጋር በሞተር ጀልባ ደሴቶቹን ልንጎበኝ ሄድን። ወፎች የሚፈለፈሉበት ድንጋያማ ደሴት ስንደርስ የኩሱ ክርፋት አፍንጫ ይበጥሳል። አባዬ ካሜራውን አዘጋጅቶ ባለጀልባውን፣ «ጠጋ በልና አስነሣቸው፤ ሲበሩ ላንሳቸው» አለው።

ሰውየው ሞተሩን አስጮኸው። ጥቁሮቹ ወፎች ግር ብለው ተነሡ፤ አብረውን የተሳፈሩት ጎብኚዎች አጨበጨቡ። ያኔ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ጎጆዎቹ ላይ ወረዱና ላባ ያላወጡ ጫጩቶችን ከነነፍሳቸው ይውጡ ጀመር። አንዷ ጫጩት በአንዱ ጉሮሮ ውስጥ እየተንፈራገጠች ስትወርድ አየሁ።

«አባዬ፣ እየበሏቸው ነው!»

«ተፈጥሮ ነው፣ የኔ ልጅ» አለ፣ ማንሳቱን ሳያቋርጥ።

እማዬ አፍንጫዋን በሻርፗ እንደያዘች፣ «እናቶቻቸውን ማን አባረራቸው?» አለችው።

የምር የጠየቀች መስሎኝ፣ «ሞተሩ ነዋ!» ብዬ መለስኩላት። ጭብጨባው ቆመ።

አባዬ ዛሬም ያንን ጉዞ ለእንግዳ ሲያወራ፣ «ወፎቹ ሲነሡ» ላይ ያቆማል።